ከምርት በፊት የሚከፈል ግብር

ጥያቄ፦ በመርካቶ አካባቢ በአነስተኛ ደረጃ ጫማ አመርታለሁ፤ ሶል ራሴ ከውጭ አስመጣለሁ። የታክሱ ምጣኔ አልተለወጠም፤ የማመርተው ጫማ ግን እየቀነሰ ነው። በእርግጥ ግብር ምርትን ይቀንሳል?
ጫማ አምራች፣ ከመርካቶ

መልስ፦ አዎን፣ ሊቀንስ ይችላል፤ በእርስዎ ሁኔታ ግን ከምጣኔው ይልቅ የሚከፈልበት ጊዜ የሚከብድ ይመስለኛል። የንግድ ትርፍ ግብር በመሠረቱ የሚሰላው በትርፍ ላይ ነው፤ ቀረጥና ተጨማሪ እሴት ታክስ ግን ሶሉ ከጉምሩክ ሳይወጣ፣ አንድም ጫማ ሳይሰፋ ይጠየቃሉ። ለስሌት ያህል በ100,000 ብር ዕቃ ላይ የ10 በመቶ ቀረጥ ቢጣል 10,000 ብር፣ ቀረጡ በተደመረበት ዋጋ ላይ የሚታሰበው 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ 16,500 ብር፣ በቅድሚያ የሚያዘው 3 በመቶ የገቢ ግብርም 3,000 ብር ስለሚሆን፣ ሌሎቹ ክፍያዎች ሳይቆጠሩ 29,500 ብር አስቀድሞ ይወጣል። ለታክሱ ከተመዘገቡ ተጨማሪ እሴት ታክሱ በሽያጭ ወቅት ከሚሰበስቡት ላይ ይቀናነስልዎታል፤ ቅድመ ግብሩም በዓመታዊው ሒሳብ ይታሰባል። ይሁን እንጂ ጫማው ተሸጦ ገንዘቡ እስኪመለስ ድረስ ያ ብር ቆዳና ማስቲሽ አይገዛም፣ ደመወዝም አይሸፍንም፤ መያዣ አቅርቦ ብድር ለማግኘት የሚቸገር አነስተኛ አምራች ደግሞ ጉድለቱን የሚሞላው የሚያመርተውን በመቀነስ ነው።

ምጣኔው ባለበት ሸክሙ የጨመረው በምንዛሪው ምክንያት ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ቀረጥ የሚሰላው ወደ ብር በተመነዘረው ዋጋ ላይ በመሆኑ፣ በዶላር ዋጋው ያልተለወጠ ሶል በብር የሚጠየቅበት ክፍያ በዚያው ልክ አድጓል።

መንግሥት ገቢ እንደሚያስፈልገው አልጠራጠርም። ነገር ግን ከአምራች የሚሰበሰበው ታክስ ምርቱ እስኪሸጥ ቢዘገይ ገቢው ይዘገያል እንጂ አይጠፋም፤ የቆመ ማሽን ግን ግብር አይከፍልም። በጥሬ ዕቃና ባለቀለት ጫማ ላይ የሚጣለው ቀረጥ ከተቀራረበም አምራቹን ወደ አስመጪነት ይገፋዋል፤ ይህ በእኔ እምነት ትልቅ ስሕተት ነው።

ለጊዜው በእርስዎ እጅ ያለው የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑን፣ ማለትም ዕቃው ሲገባ ለጉምሩክ የቀረበውን የማስታወቂያ ሰነድ፣ ጠብቆ መያዝ ነው፤ በማስመጣት ወቅት የከፈሉት ተጨማሪ እሴት ታክስ የሚቀናነስልዎት በእርሱ ማስረጃነት ነው።