ጭሱ አላስቀምጥ ያለን የካምፕ ስቶቭ

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች፣ ነዋሪነቴ ጎንደር አዘዞ ነው። ከጓደኞቼ ጋር አልፎ አልፎ ስሜን ተራሮች እንወጣለንና አንድ ትንሽዬ የእንጨት ስቶቭ አለችን፣ ክብ ቆርቆሮ ሆና ታች በኩል ጥቂት ቀዳዳ ብቻ ያላት። እዚህ ግቢ ውስጥ ደህና ናት፣ ጨነቅ ካምፕ ስንደርስ ግን ጭሷ አይን ያወጣል፣ ድስቱ ጥላሸት ይለብሳል፣ ፓስታውም አልበስል ይላል። የታቹን ቀዳዳ በድሪል ላሰፋው አስቤ ነበር፣ ጓደኛዬ ደግሞ የኮምፒውተር ፋን እንግጠምላት ባይ ነው። የቱ ይሻላል? ዝናብ ከመጣስ ድንኳን ውስጥ ብንለኩሳት ችግር አለው?

መልስ፦ ወንድሜ ድሪሉን ለጊዜው አስቀምጠው። ጭስ ማለት እኮ ሳይነድ ያመለጠህ እንጨት ነው። እንጨት ሲግል መጀመሪያ ጋዝ ያወጣል፣ ነበልባል የምንለውም ያ ጋዝ ሲነድ ነው፣ ጋዙ ወደ ላይ ሲወጣ ትኩስ አየር ካላገኘ ግን ጭስና ጥላሸት ሆኖ ድስትህ ላይ ይለጠፋል። ታቹን ብቻ ብታሰፋው እንጨቱ ቶሎ ይጋያል፣ ጋዙ በአንዴ ግር ብሎ ይወጣል፣ ላይ ላይ ግን የሚያነደው አየር የለም፣ እንጨትም ጨረስክ ጭስም ጨመርክ ማለት ነው። ያንተ ስቶቭ የጎደላት የላይኛው አየር ነው።

ለሱ ትንሽ የምትሰፋ ሌላ ጣሳ ያስፈልግሃል፣ የዱቄት ወተት ጣሳ ይሆናል፣ ቅዳሜ ገበያ ዞር ዞር ብትል አታጣም። ስቶቭህ ጣሳው ውስጥ ስትገባ ዙሪያውን 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ይቅር፣ አፋቸው ጋ ግን ግጥም ይበሉ፣ አየሩ በዛ በኩል ካመለጠ ልፋትህ ከንቱ ነው። የውጪውን ጣሳ ታች በኩል ዙሪያውን ብሳው፣ የውስጧን ደግሞ ከአፏ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብለህ አንድ ዙር ባለ 6 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ አውጣላት። አየሩ በሁለቱ ግድግዳ መሀል እየሞቀ ይወጣና በላይኛው ቀዳዳ ገብቶ ጋዙን ያነደዋል፣ በደንብ ሲይዝ ነበልባሉ ከየቀዳዳው የሚወጣ ነው የሚመስለው። ቀዳዳ ስትበሳ ደግሞ አትቸኩል፣ ከ4 ሚሊ ወደ 8 ሚሊ ስታሰፋው አየር የሚያሳልፈው ስፋቱ እጥፍ አይደለም አራት እጥፍ ነው የሚሆነው፣ ስለዚ በትንሹ ጀምረህ እየለኮስክ እያየህ ጨምር።

የጣራ ቆርቆሮ ቁራጭ ግን እንዳትጠቀም፣ ላዩ ላይ ያለው ዚንክ በጣም ሲግል የሚያወጣው ጭስ ራሱን የቻለ በሽታ ነው፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ያስይዛል።

ሌላው አመድ ነው። ፍርግርግ ከሌላት አመዱ ታች ቀዳዳዎቹ ላይ ይተኛና እሳቱ መሀል ላይ ይታፈናል። የእናቶቻችን ከሰል ምድጃ አመዱን ወደ ታች የሚጥለው በከንቱ እንዳይመስልህ። ብየዳ ቤት ሄደህ ክብ የሽቦ ፍርግርግ አስቆርጥና ከመቀመጫዋ 2 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርገህ አስገባላት፣ ከስር ሶስት ብሎን እግር አድርግላት፣ ሳር ላይ ዘፍ ብላ ከተቀመጠች በየት በኩል ትተነፍሳለች? ድስቱንም አፏ ላይ አትድፋባት፣ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይበል።

አለኳኮሱም ይቀየራል። እንጨቱን በአውራ ጣት ልክ ቆራርጠህ ከላይኛው ቀዳዳ በታች ድረስ ሙላና ከላይ ለኩስ፣ እሳቱ ራሱ ወደ ታች ይወርዳል። እርጥብ እንጨት ከሆነ የቱም ሞዲፊኬሽን አያድንህም። እንጨቱን ደግሞ ከዚሁ ደረቅ ይዘህ ውጣ፣ እዛ ያለውን አስታ የሚባል ዛፍ ጥበቃ ያለው ፓርክ ውስጥ እየሰበሩ ማንደድ ነውር ነው።

ፋኑ? ይሰራል፣ አየር የሚነፋላቸው ስቶቮች በእርግጥ ጥርት ብለው ይነዳሉ፣ ግን ባትሪውም ገመዱም ሙቀቱ የማያቀልጠው ቦታ መፈለጉም ጣጣ ነው። እኔ ብሆን አልሸከመውም።

ፓስታውን በተመለከተ ስቶቭህን አትውቀስ። ጨነቅ 3,600 ሜትር አካባቢ ነው፣ አየሩ ከባህር ወለል ጋር ሲነጻጸር በሲሶ ያህል ይሳሳል፣ ከጎንደር እንኳን በደንብ ያንሳል። ውሃ እዛ በ88 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፣ ጎንደር 93 አካባቢ ነው፣ እና የፈለገውን ያህል እሳት ብትለቅበት ውሃው ከዛ በላይ አይግልም። ድስቱን ክደንና ታገስ፣ ምስር ከሆነ ማታውኑ ዘፍዝፈህ እደር።

ድንኳን ውስጥ በጭራሽ! ዝናብ ቢመጣ፣ በረዶ ቢመጣ፣ አይሆንም። ሰው የሚሳሳተው ጭሱ ሲጠፋ ነው፣ እንጨቱ ከሰል ሆኖ ፍም ሲል ምንም አይጨስም፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ግን ያኔ በብዛት ይወጣል፣ ሽታ የለው መልክ የለው፣ እንቅልፍ እንደያዘህ ይወስድሃል። ሸራ ከላይ ወጥራችሁ ዙሪያውን ክፍት ተዉትና እዛ ስር አብስሉ፣ ለነፋሱ ድንጋይ ደርድሩበት፣ ግን አንዱን ጎን ክፍት ተዉት።

የመጀመሪያው ቀን ቡና አታፍላባት። ጣሳው ላይ ያለው ቀለምና ሽፋን ተቃጥሎ እስኪያልቅ ግቢ ውስጥ ባዶዋን አንድዳት፣ አንተም ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል ቁም።