ሕፃን ሲወጋ ከአጠገቡ አትራቁ

የምጽፈው ለእናንተ ለወጣቶቹ ነው። ነገ ወላጅ ለምትሆኑትም፣ ጋዋን ለብሳችሁ ሕፃናት ክፍል ለምትገቡትም። ዕድሜዬን የፈጀሁት ከሕፃናት ጋር ነው፤ አንድ ነገር በደንብ እንድትይዙልኝ እፈልጋለሁ። መርፌ ሲገባ ሕፃን ማልቀሱ አይቀርም። ቶሎ መረጋጋቱ ግን ብዙውን ጊዜ ያቀፈው ሰው ላይ ነው።

ሕፃን ያመዋል። ይህ ምን ጥያቄ አለው ትሉ ይሆናል፣ ግን እስከ እ.ኤ.አ. 1980ዎቹ ድረስ ብዙ ሐኪሞች የአራስ ነርቭ ገና ስላልበሰለ ሕመም አይሰማውም ብለው ያምኑ ነበር፤ እንዳይንቀሳቀሱ የሚያደርግ መድኃኒት ብቻ ተሰጥቷቸው፣ በቂ ማደንዘዣ ሳያገኙ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ሕፃናት ነበሩ። ይህን ሳስብ ዛሬም ያንገበግበኛል። እ.ኤ.አ. በ1987 ካንዋልጂት አናንድ እና ፖል ሂኪ የተባሉ ሐኪሞች ማስረጃውን ሰብስበው ሲያሳትሙ ነው አመለካከቱ በሰፊው መለወጥ የጀመረው። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች የአራሶችን አንጎል በኤምአርአይ አዩ፤ አዋቂ ሲያመው ከሚነቁት 20 የአንጎል ክፍሎች 18ቱ በሕፃናቱም ነቅተው ተገኙ።

ሲወጋ ፊቱን ተመልከቱት። ቅንድቡ ወደ ታች ይወርዳል፣ ዓይኑ ጥብቅ ብሎ ይጨፈናል፣ ከአፍንጫው እስከ ከንፈሩ ጥግ መስመር ይወጣል። አፉ ይከፈታል፣ ድምፅ ግን የለም፤ ትንፋሹ ተይዟል። ከዚያ ነው ጩኸቱ የሚመጣው። አፉን ገና ስላልፈታ ሕመሙን የምናነበው ከዚህ ነው።

ታዲያ ምን ታደርጋላችሁ? ጡት የሚጠባ ከሆነ ጡት ስጡት። ከመርፌው ትንሽ ቀደም ብሎ ይጀምር፣ ሲወጋም ይጥባ፣ ከዚያም በኋላ ይቀጥል። ትን ይለዋል የሚል ፍርሃት አለ፤ ጥናቶች ግን ይህን ፍርሃት አልደገፉትም። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ምክር በክትባት ጊዜ ሕፃኑ እንዲታቀፍና እንዲጠባ ብሏል። አራስ ከሆነ ደግሞ ልብሱን አውልቃችሁ ደረታችሁ ላይ አድርጉት፤ ከተረከዙ ደም ሲወሰድ ቆዳ ለቆዳ የተያዘ ሕፃን ያነሰ ያለቅሳል። እግሩን ወይም ጀርባውን በቀስታ ዳብሱት፣ በሰከንድ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል። ይህን ፍጥነት ከራሴ አላመጣሁትም፤ እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ ጥናት በዚህ ፍጥነት የተዳበሱ ሕፃናት አንጎል ተረከዛቸው ሲወጋ የሰጠው ምላሽ ቀንሶ ታይቷል። የስኳር ውሃም ይረዳል፣ ግን ባለሙያ ለክቶ ይስጠው እንጂ ቤት በጥብጣችሁ አትስጡ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ በመጀመሪያው ጩኸት ላይ ብዙ ሥልጣን የላችሁም። ምርጥ እናት ብትሆኚም ይጮኻል፤ ስለዚህ ራስሽን አትውቀሺ። የወላጅ ድርሻ ይበልጥ የሚታየው ከዚያ በኋላ ባሉት ደቂቃዎች ነው፣ ልጁ ወደ አንድ ዓመቱ ሲጠጋ ደግሞ እየጎላ ይሄዳል። በዚያ ዕድሜ ልጅ አዲስ ነገር ሲገጥመው ዞር ብሎ ፊታችሁን ያያል። ድምፃችሁ እየተንቀጠቀጠ፣ ክንዳችሁ ደርቆ አሥር ጊዜ «አይዞህ» ብትሉት ቃሉ አይደለም የሚደርሰው፣ ድንጋጤያችሁ ነው። እናንተ አስቀድማችሁ በረጅሙ ተንፍሱ። ትከሻችሁን አላሉ። መርፌው እንደወጣ ጠጋ አድርጋችሁ እሹሩሩ በሉት፤ ሲረጋጋ መጫወቻ አሳዩት። «ይልመደው» ብሎ ማስለቀስ ግን ጭካኔ ነው፣ ምንም አያስተምረውም።

ወደ ሙያው ለምትገቡት ደግሞ፦ እናትን «ውጪ ጠብቂ» አትበሉ። ሕፃኑን አልጋ ላይ አንጋላችሁ በአራት እጅ አትጫኑት፤ እናቱ ጭን ላይ ሆኖም ይወጋል። ብዙ ክትባት ካለ በጣም የሚያመውን መጨረሻ ላይ አድርጉት።

መርፌ ማየት የማትችል እናትም ትኖራለች። አታስገድዷት፣ አትገሥጿትም። አባቱ፣ አያቱ ወይም የሚያውቀው ሌላ ሰው ይቀፈው፤ እሷ ፊቷን አዙራ እዚያው ትቁም፣ መርፌው እንደወጣ ወዲያው ስጧት።