ድምፁ አንድ፣ ፍቺው ሌላ፦ ስለ ቃላት መመሳሰል ጥያቄና መልስ

ድምፃቸው አንድ ሆኖ በተለያዩ ቋንቋዎች የተለያየ ፍቺ ስላላቸው ቃላት ለቀረቡልኝ ጥያቄዎች የሰጠኋቸው መልሶች ቀጥሎ ቀርበዋል።

ጥያቄ፦ «ካሳ» በአማርኛ ለተጎዳ ሰው የሚከፈል ነው፤ በስፓኒሽ ግን ቤት ማለት ነው። ሁለቱ ይዛመዳሉ?

መልስ፦ አይዛመዱም። የስፓኒሹ ካሳ ከላቲን የወረደ ሲሆን ላቲን ተናጋሪዎች ጎጆን ይጠሩበት ነበር፤ ማጋባት የሚል ፍቺ ያለው የስፓኒሽ ግሥ «ካሳር» የወጣውም ከዚሁ ነው። የአማርኛው ካሳ ግን የ«ካሰ» ልጅ ነው፤ «መካስ» እና «ተካሰ» የቅርብ ዘመዶቹ ናቸው። ሁለት ቃላትን ጎን ለጎን ከማቆማችን በፊት እያንዳንዱን ከገዛ ቤተሰቡ ጋር ማየት ይገባናል።

ጥያቄ፦ እንዲህ ያለው መገጣጠም በአጋጣሚ ብቻ እንዴት ሊፈጠር ይችላል?

መልስ፦ ቋንቋዎች የሚጠቀሙባቸው ድምፆች ጥቂት በመሆናቸው ነው። 20 ተነባቢና 5 አናባቢ ያለውን ቋንቋ ብንወስድ፣ አንድ ተነባቢን ከአንድ አናባቢ ጋር በማጣመር የምናገኛቸው ክፍለ ቃላት 100 ብቻ ናቸው፤ ሁለት ሁለት ሲደረጉ 10,000፣ ሦስት ሦስት ሲደረጉ 1,000,000 ይሆናሉ። ወደ 7,000 የሚጠጉ የዓለም ቋንቋዎች በብዛት የሚመሳሰሉ ድምፆችን ስለሚጋሩ አጫጭር ቃላት መጋጨታቸው አይቀርም። በአማርኛ «ሺ» 1,000 ሲሆን፣ በቻይንኛ ወደ ላይ በሚወጣ ቃና የተነገረ «ሺ» 10 ነው። እኛ ጉድ የምንለው የሚያስደንቀውን ወይም የሚያሳፍረውን ነገር ነው፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ግን በዚያው ድምፅ መልካሙን ይጠራበታል። ቃሉ በረዘመ መጠን እንዲህ ያለው ግጥምጥሞሽ እየሳሳ ይሄዳል።

ጥያቄ፦ ጃፓኖች «አናታ» ሲሉ «አንተ» ማለታቸው ነው። ይህስ የዝምድና ማስረጃ አይሆንም?

መልስ፦ ይህ ጥያቄ ደጋግሞ ስለሚነሳ ረዘም አድርጌ ልመልሰው። የእኛ «አንተ» ከግእዙ «አንተ»፣ ከዐረብኛው «አንታ» እና ከዕብራይስጡ «አታ» ጋር አንድ ነው፤ በዕብራይስጡ «ን» በ«ት» ተውጣ «ት» ጠብቃ ቀርታለች። የጃፓንኛው «አናታ» ግን መነሻው ተውላጠ ስም አልነበረም። «ኮናታ» በዚህ በኩል፣ «ሶናታ» በዚያ በእናንተ በኩል፣ «አናታ» ደግሞ ወዲያ ማዶ የሚሉ ቦታ አመልካች ቃላት ነበሩ፤ ሰውን ፊት ለፊት መጥራት እንደ ድፍረት ስለሚቆጠር ተናጋሪው ወደ ሰውየው አቅጣጫ በማመልከት አክብሮቱን ይገልጽበት ጀመር፤ በጊዜ ብዛትም አቅጣጫው የሰውየው መጠሪያ ሆነ። እንግዲህ አንደኛው ቃል ከጥንት ጀምሮ ሰውን ሲጠራ የኖረ፣ ሌላው ከማዶ ተነሥቶ ወደ ሰው የደረሰ ነው። ዛሬ አንድ ቦታ ላይ ቢገናኙም የመጡበት መንገድ የተለያየ ነው፤ ይህን ታሪክ ሳያዩ «ጃፓንኛ ከእኛ ተወሰደ» ብሎ መጻፍ ለሁለቱም ቋንቋዎች ክብር መንፈግ ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ ድምፁም ፍቺውም አንድ ሆኖ ዝምድና የሌለው ቃል አለ?

መልስ፦ አለ። በአውስትራሊያ የኩዊንስላንድ ነባር ሕዝቦች ቋንቋ የነበረውና ዛሬ ተናጋሪ ያጣው ምባባራም ውሻን «ዶግ» ይል ነበር፤ እንግሊዝኛም እንደዚሁ ይላል። ቋንቋውን በ1960ዎቹ ያጠናው ሮበርት ዲክሰን በመጀመሪያ ከእንግሊዝኛ የተዋሰ ቃል ሊመስል እንደሚችል አይቶ ነበር፤ ነገር ግን የአካባቢው ቋንቋ ዪዲኝ ውሻን «ጉዳጋ» እንደሚል ሲታይ፣ ምባባራምም የቃላትን መጀመሪያ በሥርዓት ይቆርጥ እንደነበር ሲታወቅ፣ «ዶግ» የአገሩ ቃል መሆኑ ተረጋገጠ።

ጥያቄ፦ «ማማ» በሁሉም ቋንቋ እናት ማለት ነው የሚባለውስ?

መልስ፦ በጆርጂያኛ «ማማ» አባት ነው፤ እናት «ዴዳ» ናት። በአማርኛም ማማ ከፍ ያለ የመጠበቂያ ቦታ ነው። የቋንቋ ሊቁ ሮማን ያኮብሰን እንዳስረዳው ሕፃን አፉን ሲፈታ ቀድመው የሚቀናጁለት የከንፈር ድምፆች ናቸው፤ ፍቺውን የሚሰጡት አዋቂዎች ናቸው።

ጥያቄ፦ «ጠረጴዛ»ም እንደዚሁ አጋጣሚ ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ ይህ ውሰት ነው፣ ምንጩም ግሪክኛ ነው። «ትራፔዛ» በጥንታዊ ግሪክኛ ጠረጴዛ ነበር፤ ገንዘብ መንዛሪዎች ሥራቸውን የሚሠሩት በጠረጴዛ ላይ ስለነበር ቃሉ ወደ ሥራው ተሻገረ፤ በዛሬው ግሪክኛ «ትራፔዛ» ባንክ ነው። ቃሉ በእኛ ዘንድ የጥንቱን ፍቺ ይዞ ሲቆይ በባለቤቶቹ ዘንድ ሌላ ሆነ።

ጥያቄ፦ ታዲያ እውነተኛው ዝምድና በምን ይታወቃል?

መልስ፦ በሥርዓት በሚደጋገም ልዩነት ነው። አማርኛ ስም፣ ሰማይ፣ ሰማ ሲል ዕብራይስጥ «ሼም»፣ «ሻማይም»፣ «ሻማ» ይላል፤ የእኛ «ስ» በነዚህ ቃላት ሁሉ በ«ሽ» ይመለሳል። እንዲህ ያለ ሕግ ካለ መመሳሰል እንኳ አያስፈልግም። ላቲን ሁለትን «ዱኦ» ሲል አርመንኛ «ኤርኩ» ይላል፤ ለጆሮ ምንም አይገናኙም፣ ግን አንድ ቃል ናቸው። በቃል መጀመሪያ የነበረው ጥንታዊ «ድው» በአርመንኛ «ኤርክ» የሆነው በዚህ ቃል ብቻ አይደለምና፤ ረጅም የሚል ፍቺ ባለው «ኤርካር» ውስጥም ያው ለውጥ ይገኛል።