በመኪና ውስጥ የሚያስቸግር ሙዚቃ ማጫወቻ፦ ጥያቄና መልስ

ኪስ ውስጥ የሚገቡ ሙዚቃ ማጫወቻዎችን ከመኪና ቴፕ ጋር አገናኝተው የሚጠቀሙ አባላት ያቀረቧቸውን ጥያቄዎች በተራ እመልሳለሁ። ከሁሉም በፊት ግን አንድ ነገር አደራ እላለሁ፤ ማጫወቻው ተበላሽቷል ብላችሁ ከመወሰናችሁ በፊት ከመኪናው አውጡትና በራሱ ባትሪ፣ በጆሮ ማዳመጫ ብቻ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል አጫውቱት። ያለ እንከን ከሠራ ጥፋቱን በገመዱ፣ በቻርጀሩ ወይም በመኪናው በኩል ፈልጉ፤ ያኔም ካስቸገረ ግን ሕመሙ የራሱ የማጫወቻው ነው። ይህን ሳያደርጉ ደህናውን ማጫወቻ ጥለው ሌላ የገዙና ችግሩ ከአዲሱም ጋር አብሮ የቀጠለባቸው ሰዎች ብዙ ናቸው።

ጥያቄ፦ ሃርድ ዲስክ ያለው የቆየ አይፖድ አለኝ። መኪና ውስጥ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ዘፈኖች በደንብ ያጫውትና ከዚያ በኋላ ዘፈን ሳይጨርስ ወደሚቀጥለው ይዘላል። አንዳንድ ጊዜም ደርቆ ይቀራል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የገለጹት ምልክት በአብዛኛው የሃርድ ዲስክ መድከምን ያመለክታል። እነዚህ ማጫወቻዎች ዲስኩን ያለማቋረጥ አያሽከረክሩትም፤ ባትሪ ለመቆጠብ ሲባል የተወሰኑ ዘፈኖችን በአንድ ጊዜ አንብበው ወደ ጊዜያዊ ማኅደራቸው ይጭናሉ፤ ከዚያም ዲስኩን አሳርፈው ከማኅደሩ ያጫውታሉ። ብዙዎቹ ሞዴሎች የነበራቸው ማኅደር 32 ሜጋባይት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ዘፈኖች በሰላም አልፈው ቆየት ብሎ መዝለል መጀመሩ፣ ዲስኩ ተነሥቶ ቀጣዩን እንዲያነብ ሲታዘዝ ማንበብ እንዳቃተው ያሳያል። በኮረኮንች መንገድ ላይ የሚብስ ከሆነ ደግሞ ጥርጣሬው ይጠነክራል፤ የዲስኩ አንባቢ ክንድ ከሚሽከረከረው ገጽ በላይ እጅግ በጣም በጠበበ ክፍተት ተንሳፍፎ ስለሚሠራ ንዝረትን አይወድም።

ለማረጋገጥ ሞተሩን አጥፍተውና መስኮቱን ዘግተው የማጫወቻውን ጀርባ ጆሮዎ ላይ ያድርጉና ዘፈን ይቀይሩ። ጤነኛ ዲስክ ሲነሣ ለጥቂት ሰከንድ ለስለስ ያለ የመሽከርከር ድምፅ ይሰማና ጸጥ ይላል። የደከመው ግን «ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ» እያለ ይነሣል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ይሞክራል። ይህን ድምፅ ከሰሙ ሌላውን ምርመራ ሁሉ ትተው፣ የዚያኑ ዕለት፣ በውስጡ ያለውን ሁሉ ወደ ኮምፒውተር ይገልብጡ። እኔ ይህን ድምፅ የሰማሁ ጊዜ «ነገ አደርገዋለሁ» ብዬ ሁለት ቀን አሳለፍኩ፤ በሦስተኛው ቀን ዲስኩ ጨርሶ አልነሣ አለ። ዘፈኖቹን መልሼ አገኘኋቸው። በሌላ ቦታ ያላስቀመጥኳቸው የአያቴ የድምፅ ቅጂዎች ግን እስከ ዛሬ ይቆጩኛል።

ከገለበጡ በኋላ ሪሴት ያድርጉት፤ ማለትም እንደ አዲስ እንዲነሣ ያድርጉት። መቆለፊያውን አንድ ጊዜ ቆልፈው ይክፈቱ፤ ከዚያ «ሜኑ» የሚለውንና የመሃሉን ቁልፍ አብረው ተጭነው፣ የአፕል ምልክት እስኪታይ ድረስ፣ ከስድስት እስከ ስምንት ሰከንድ ይያዙ። ምልክቱ እንደታየ የመሃሉንና የወደ ኋላ መመለሻውን ቁልፍ አብረው ቢይዙ ደግሞ የመመርመሪያው ገጽ ይከፈታል። በቪዲዮ ሞዴሎችና በክላሲኩ ላይ በዚያ ውስጥ ዲስኩ ስለ ራሱ የሚመዘግባቸው ቁጥሮች ይገኛሉ። «ፔንዲንግ ሴክተርስ» እና «ሪአሎክስ» የሚሉትን ይመልከቱ፤ የመጀመሪያው ለማንበብ ያስቸገሩ ቦታዎችን፣ ሁለተኛው በመጠባበቂያ የተተኩትን ይቆጥራል። ጥቂት ቢሆኑ አያስደነግጡም፤ ከሳምንት ሳምንት እየጨመሩ ከሄዱ ግን ዲስኩ መንገድ ጀምሯል ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ማጫወቻው ቻርጅ ላይ ሆኖ ስጠቀም በድምፅ ማጉያዎቹ ውስጥ «ዊይይ» የሚል ፉጨት ይሰማል። ነዳጅ ስሰጥ ፉጨቱም አብሮ ይቀጥናል። ማጫወቻዬ ሊቃጠል ነው?

መልስ፦ አይደለም፣ እህቴ፤ ማጫወቻዎ ደህና ነው። ከሞተሩ ፍጥነት ጋር ከፍና ዝቅ የሚል ፉጨት የሚመጣው ከመኪናው ዲናሞ ነው። ማጫወቻው ከቴፑ ጋር በድምፅ ገመዱ፣ ከመኪናው ኤሌክትሪክ ጋር ደግሞ በቻርጀሩ ሲገናኝ፣ የኔጋቲቩ መመለሻ ሁለት መንገድ ያገኛል፤ በእነዚህ ሁለት መንገዶች መካከል ያለው ትንሽ የቮልቴጅ ልዩነት የዲናሞውን ሁካታ ይዞ በድምፅ ገመዱ በኩል ይገባል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ ሞተሩ እየሠራ ቻርጀሩን ብቻ ይንቀሉ። ፉጨቱ ወዲያው ከጠፋ ነገሩ ይኸው ነው።

መፍትሔው በድምፅ ገመዱ መካከል የሚገባ፣ በውስጡ ሁለት ትናንሽ ትራንስፎርመሮች ያሉት ማለያያ ነው፤ ድምፁን በመግነጢስ ያስተላልፋል እንጂ ሁለቱን ወገኖች በሽቦ አያገናኝም። ርካሾቹ የወፍራሙን ድምፅ ክብደት ትንሽ ይቀንሳሉ፤ ፉጨቱን ተሸክሞ ከመሄድ ግን ይሻላል። ጥራት የሌለው ቻርጀርም ራሱ ሁካታ ስለሚያመነጭ፣ ማለያያ ከመግዛትዎ በፊት የሌላ ሰው ቻርጀር ተውሰው ይሞክሩ።

ጥያቄ፦ መኪናውን ሳስነሣ ማጫወቻው ይጠፋና እንደገና ይነሣል። የነበረበትንም ቦታ ይረሳል።

መልስ፦ ሞተሪኖው ሞተሩን በሚያዞርባት ቅጽበት የመኪናው ቮልቴጅ ከ12 ወደ 10ና ከዚያም በታች ይወርዳል፤ ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ደግሞ ወደ 14 አካባቢ ይወጣል። ጤነኛ ባትሪ ያለው ማጫወቻ ይህን መውደቅና መነሣት አይሰማውም፣ የራሱ ባትሪ ይሸከመዋልና። የእርስዎ የሚጠፋ ከሆነ የውስጥ ባትሪው አርጅቷል፤ የሚሠራው በቻርጀሩ ብርታት ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ባትሪው እስኪቀየር ድረስ ሞተሩን አስነሥተው ሲያበቁ ይሰኩት።

ጥያቄ፦ አሮጌው አይፖድ በዚህ መኪና መሰኪያ ቻርጅ ያደርግ ነበር። አዲሱ በዚያው መሰኪያ ዘፈን ያጫውታል፣ ቻርጅ ግን አያደርግም።

መልስ፦ ሁለቱም ደህና ናቸው፤ ተለያይተዋል እንጂ። የቀድሞዎቹ የመኪና ማገናኛዎች ባለ 30 ፒኑን መሰኪያ ይጠቀሙ ነበር፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ኃይሉን በመሰኪያው ውስጥ ባለው፣ ፋየርዋየር በሚባለው መስመር በ12 ቮልት ይልኩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 ከወጡት አይፖዶች መካከል አራተኛው ትውልድ ናኖና ሁለተኛው ትውልድ ተች ይህን መስመር ትተው በዩኤስቢው 5 ቮልት ብቻ ቻርጅ የሚያደርጉ ሆኑ። 12ቱን ወደ 5 የሚቀይር መሸጋገሪያ በመካከል ማስገባት ይቻላል፤ ካልተገኘ በሲጋራ መለኮሻው የሚሰካ የዩኤስቢ ቻርጀር ሥራውን ይሠራል። መለኮሻው ራሱ ምንም ኃይል የማይሰጥ ከሆነ መጀመሪያ ፊውዙን ይመልከቱ።

ጥያቄ፦ ድምፁ በአንድ በኩል ብቻ ይሰማል። ጃኩን ሳሽከረክረው ይመጣል፣ ስለቀው ይሄዳል።

መልስ፦ መጀመሪያ ሌላ ገመድ ይሞክሩ፤ ማጫወቻውን ከቴፑ ጋር የሚያገናኘው የድምፅ (የኦክስ) ገመድ ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው ከጃኩ አንገት ሥር ነው። ገመዱ ደህና ከሆነ ማጫወቻውን አጥፍተው በባትሪ መብራት ቀዳዳውን ይመልከቱ። ከኪስ የተሰበሰበ ብናኝ፣ ጃኩ በተሰካ ቁጥር እየተጠቀጠቀ፣ ከሥር እንደ ግራጫ ጥጥ ሆኖ ያገኙታል። በቀጭን የእንጨት ስንጥር፣ ጠርዝ ጠርዙን እየዞሩ ያውጡት፤ በመርፌ ግን አይሞክሩ፣ ውስጥ ያሉትን ስስ የብረት ምላሶች ያጣምማል። ጃኩ ያን ጊዜ እስከ መጨረሻው ገብቶ «ጠቅ» ሲል ይሰማዎታል።

ጥያቄ፦ ማጫወቻዬን ዳሽቦርድ ላይ ነው የምተወው። የጀርባው ክዳን ትንሽ ከፍ ብሏል፣ ነገር ግን ይሠራል።

መልስ፦ እባክዎን አሁኑኑ መጠቀሙን ያቁሙ፣ ቻርጅም አያድርጉት። ክዳኑን ያነሣው ያበጠ የሊቲየም ባትሪ ነው፤ ቢጫኑት፣ ቢበሱት ወይም ቻርጅ ቢያደርጉት ሊቀጣጠል ይችላል። አፕል ለአይፖዶቹ ያስቀመጠው የመጠቀሚያ ሙቀት ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ የማስቀመጫው ደግሞ እስከ 45 ዲግሪ ነው፤ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ዳሽቦርድ ይህን በቀላሉ ያልፋል። ክዳኑን በካቻቪቴ ለመፈልቀቅ አይሞክሩ፤ ሊቃጠል የሚችል ነገር በሌለበት ቦታ አስቀምጠው ወደ ባለሙያ ይውሰዱት። ባትሪው ሲቀየር ማጫወቻው ይድናል።

ጥያቄ፦ በምትኩ ፍላሽ ብጠቀምስ? የመኪናዬ ቴፕ አንዱን ፍላሽ ያነባል፣ ሌላውን «ፋይል የለም» ይላል።

መልስ፦ ብዙ የመኪና ቴፖች የሚያነቡት ፋት32 በሚባለው የፋይል አደረጃጀት ፎርማት የተደረገ ፍላሽ ብቻ ነው፤ ትልልቆቹ ፍላሾች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ኤክስፋት በሚባለው ሌላ አደረጃጀት ተፎርምተው ነው የሚሸጡት። በውስጡ ያለውን ወደ ኮምፒውተር ገልብጠው በፋት32 ይፎርሙት። ዘፈኖቹ በቅደም ተከተል ካልመጡ፣ አንዳንድ ቴፖች በስማቸው ሳይሆን ወደ ፍላሹ በገቡበት ተራ ስለሚያጫውቱ ነው፤ አንድ በአንድ በተራቸው ቢገለብጧቸው ይስተካከላል።

ጥያቄ፦ የአይፖዴ ዲስክ መሞቱ ተረጋገጠ። ልጣለው ወይስ ይጠገናል?

መልስ፦ አይጣሉት። አፕል የመጨረሻውን አይፖድ መሸጥ ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2022 ቢሆንም፣ ሃርድ ዲስኩን አውጥቶ በቦታው የማኅደረ ትውስታ ካርድ የሚቀበል ማገናኛ ማስገባት ይቻላል። ለመኪና ከዚህ የተሻለ ጥገና አላውቅም፤ የሚሽከረከር ነገር ስለሌለው ኮረኮንቹ አይነካውም፣ ባትሪውም ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። ክዳኑ በተከፈተበት አጋጣሚ ባትሪውንም አብረው ያስቀይሩ። በሁለቱ ክዳኖች መካከል ያሉት ጠፍጣፋ (ሪባን) ገመዶች ስስ ስለሆኑ፣ ሲከፍቱ ሁለቱን ክዳኖች በአንድ ጊዜ አይለያዩዋቸው፤ እንደ መጽሐፍ ቀስ ብለው በአንድ ጎን ይክፈቷቸው።