«ኮምቦልቻ ሌላ፣ ደሴ ሌላ ሰው ሆንኩ» ላልሽው እህት

ሰላም እህቴ። የጻፍሽውን ደጋግሜ አነበብኩት። ሌላውም ሰው እንዲከተለን ጥያቄሽን ባጭሩ ልድገመው። ደሴ ውስጥ ጥብቅ በሆነ የኦርቶዶክስ ቤት አደግሽ። ሰንበት ትምህርት ቤት ዘማሪ ነበርሽ። አሁን ኮምቦልቻ ፋብሪካ ገብተሽ ከአንዲት ሙስሊም የሥራ ባልደረባሽ ጋር ቤት ተከራይታችሁ ትኖራላችሁ። እንደ ድሮው አትጾሚም። ሱሪ ትለብሻለሽ። «ከእኛ ውጭ ያለው ሁሉ ጠፍቷል» የሚለውን ማመን አቅቶሻል። ቅዳሜ ወደ ቤተሰብ ስትወጪ ግን በሱሪው ላይ ቀሚስ ደርበሽ፣ ነጠላሽን ከቦርሳ አውጥተሽ፣ የድሮዋ ልጅ ሆነሽ ትገቢያለሽ። «ልንገራቸው ወይስ ዝም ልበል? ሁለት ሰው መሆን ደከመኝ» ነው ያልሽው። መጨረሻ ላይ ደግሞ ጓደኛሽን ቤት ይዘሻት መሄድ ትችዪ እንደሆነ ጠይቀሻል።

አብሽሪ። ያቺን ቀሚስ እኔም አውቃታለሁ። እኔ ከሥራ ስወጣ የቢሮ መጸዳጃ ቤት ገብቼ ነበር የምደርባት። አንድ ቀን የሱሪዬ እግር ከቀሚሱ ሥር ወጥቶ እናቴ አየችው። ምንም አላለችም። ጎንበስ ብላ ወደ ላይ አጠፈችልኝና «ግቢ፣ አባትሽ ይጠብቅሻል» አለችኝ። እና እናትሽ ምንም አያውቁም ብለሽ ከሆነ የምትጨነቂው፣ እኔ በዚህ አልወራረድም። ሳያውቁ አይቀርም።

አጭሩ መልሴ ይኸውልሽ። አዋጅ አታውጂ። ማስመሰሉን ግን ከትንሹ ጀምረሽ ቀንሺ። ቤተሰብ ሰብስቦ «እኔ ተለውጫለሁ፣ ከእንግዲህ እንዲህ ነኝ» ማለት ፊልም ላይ ያምራል። እኛ ቤት ግን ሽማግሌ ያስጠራል፣ ጸበል ያስወስዳል፣ ጎረቤት ያስገባል። ከዚያ በኋላ ስለ ሐሳብሽ የሚያወራ የለም፤ ወሬው ሁሉ ስለ ድፍረትሽ ይሆናል። በሌላ በኩል ዝም ብለሽ ማስመሰሉን ከቀጠልሽ ደግሞ ቀስ በቀስ ቤት መሄዱን ትጠዪዋለሽ። መጀመሪያ በሳምንት፣ ቀጥሎ በወር፣ ከዚያ በዓመት በዓል ብቻ። እንዲህ የጠፉ ጓደኞች አሉኝ። ቤተሰቦቻቸው እስከ ዛሬ «ሥራ በዝቶባት ነው» ይላሉ።

ሁለት ሰው ሆኖ መኖር ለወሎ አዲስ ነገር አይደለም። በ1870 ዓ.ም. እዚሁ አፍንጫችን ሥር ቦሩ ሜዳ ላይ አፄ ዮሐንስ ጉባኤ ጠርተው የቤተ ክርስቲያኑን የትምህርት ክርክር ቋጩ። የወሎ ሙስሊምም ክርስትና እንዲነሳ ታዘዘ። መሐመድ ዓሊ ሚካኤል የተባሉት፣ በኋላ ንጉሥ ሚካኤል የሆኑት፣ ያኔ ነው። ብዙው ሕዝብ ግን ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት ሙስሊም ሆኖ ኖረ ይባላል። እነሱን ንጉሥ አስገድዷቸው ነው። አንቺን ማንም አላስገደደሽም፤ አባትሽ እንዳይከፋቸው ብለሽ ነው ኮምቦልቻ ላይ አንዷን፣ ደሴ ላይ ሌላዋን የሆንሽው። ስለዚህ መፍትሔውም ከአባትሽ ነው የሚጀምረው።

የአባትሽ ጥብቅነት ከየት እንደመጣ ጠይቀሽ ታውቂያለሽ? እኔ ለብዙ ዓመት አልጠየቅኩም። ጥንትም እንዲሁ የነበረ ይመስለኝ ነበር። እኛ ቤት ሬዲዮ ላይ ዘፈን ሲመጣ ይዘጋል። አባቴ ገላትያ ምዕራፍ 5ን ይጠቅሳል፣ አለቀ። ሱሪ ሲነሳ ዘዳግም 22። እሁድ ሌሊት ተነስተን ቅዳሴ፣ ማታ ማታ የየዕለቱ ውዳሴ ማርያም። «ወላሂ» ማለት ክልክል ነው፤ ደሴ አድጎ ወላሂ አለማለት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አንቺ ታውቂዋለሽ።

የአባቴ እናት ግን እንዲህ አልነበሩም። ሰባቱንም አጽዋማት ይጾማሉ። ሰርግ ላይ ደግሞ ከሁሉም ቀድመው እስክስታ የሚመቱት እሳቸው ናቸው። ማንም «እማማ፣ ኃጢአት ነው» ያላቸው የለም። አባቴ ራሱ በየዓመቱ ለመስከረም 21 ግሸን ይወጣ ነበር። ግሸን ያለችው አምባሰል ውስጥ ነው። አምባሰል ደግሞ ከአራቱ የዘፈን ቅኝቶች የአንዱ ስም ነው፤ ባቲም እንደዚያው። አባቴ ተሳልሞ የሚመለስበት አገር ስሙ በሬዲዮ ሲዘፈን ይዘጋዋል ማለት ነው። ይህን ስነግረው ሳቀ። መልስ ግን አልሰጠኝም።

ታዲያ የእሱ ጥብቅነት ከየት መጣ? ከደርግ ዘመን። ወጣት ሳለ ሃይማኖት ኋላ ቀርነት ነው እየተባለ በየስብሰባው ይሰበካል። ማተብ ያሰረ ይሾፍበታል። እሱ አልበጥስም ብሎ የጸና ልጅ ነበር። ይህን ያወራኝ እኔ ከሠላሳ በላይ ሆኜ፣ ቡና ላይ፣ ያውም ስለጠየቅኩት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ክልከላዎቹን የምሰማበት ጆሮ ተለወጠ። እምነቱን ሊያስጥሉት ሲታገሉት የኖረ ሰው ልጁ በገዛ እጇ ስትጥለው ሲያይ ምን እንደሚሰማው ገባኝ። እሱ ትክክል ነው ማለቴ አይደለም። ሱሪዬን እለብሳለሁ። ግን እንደ ጠላት አላየውም። አባትሽ ዕድሜያቸው ስልሳን ካለፈ ይህን ጥያቄ ጠይቂያቸው። ስለ ራስሽ ከመናገርሽ በፊት የእሳቸውን ስሚ።

ስለ «ጠፍተዋል» ጉዳይ የእኔን ልንገርሽ፤ ለእኔም የመጀመሪያው ስንጥቅ የተፈጠረው እዚያ ላይ ነው። አያቴ ሙስሊም ሆነው ተወልደው ሲያገቡ ነው ክርስትና የተነሱት። ታናሽ እህታቸው ሙስሊም ሆነው ቀሩ። ፋሲካ ሲሆን እሳቸው ቡና ይዘው እኛ ቤት ይመጣሉ፤ ዒድ ሲሆን አያቴ እሳቸው ዘንድ ይውላሉ። ሰው ሲታመም አንዷ ጸበል፣ አንዷ ዱዓ። ሰንበት ትምህርት ቤት ስለ ድኅነት ስንማር እጄን አውጥቼ «የአያቴ እህትስ?» አልኩ። መምህራችን «ለእሳቸው ጸልዪላቸው» አለኝና ወደ ቀጣዩ አለፈ። ጸለይኩ። ግን ልቤ አላረፈም።

እሳቸው ሲሞቱ ሴቶቹ ከግቢ አልወጣንም። በአጥር በኩል ጀናዛው ሲወጣ ሳይ ከፊት ከተሸከሙት አንዱ አባቴ ነው። ነጠላውን አደግድጓል። ትከሻ ሲቀያየሩ እሱ አልቀየር አለ። አንድ ጎረምሳ መጥቶ ሊቀበለው ሲል በክርኑ ገፋ አደረገው። እኔን ስለ ሙስሊም መዳን እንዳልጠይቅ ዝም ያሰኘኝ ሰው ነው ይህ። በኋላ «አባዬ፣ እሳቸው የት ነው የሚሄዱት?» ብዬ አልጠየቅኩትም። የሚመልሰው መልስና በትከሻው ያደረገው ነገር አንድ አይሆንም ብዬ ስለፈራሁ ነው።

ይህን የምነግርሽ ሁለት ሰው የሆንሽው አንቺ ብቻ እንዳይመስልሽ ነው። ወሎ ውስጥ በጥብቅ ያደገ ሁሉ ቤቱ የሚማረውና ጎረቤት ጋር የሚኖረው ሳይገጥምለት ነው የሚያድገው። አባትሽም መልሱን ጨርሰው አልያዙትም ይሆናል።

አሁን ወደ ጾሙ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣሽ። «ቤተ ክርስቲያን ያወጣችውን ሁሉ አልቀበልም» ብለሽ ጽፈሻል። ሁሉንም ታውቂዋለሽ ግን? ብዙዎቻችን የቤታችንን ሥርዓትና የቤተ ክርስቲያንን ሥርዓት አደባልቀን ነው የያዝነው። ለምሳሌ የሰኔን ጾም ሕዝቡ «የቄስ ጾም» እያለ ይተወዋል። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ግን ከሰባቱ አጽዋማት ይቆጥረዋል። ስለዚህ አባትሽ እሱን ጹሙ ሲሉ ከራሳቸው አላመጡትም። በአንጻሩ ደግሞ ለታመመ፣ ለነፍሰ ጡር፣ ለአራስ የንስሐ አባት የሚያቀሉት ነገር አለ። እኛ ቤት ግን ጨጓራዬ እየተቃጠለ ዐቢይ ጾምን 55ቱንም ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይ እባል ነበር። ይህ የአባቴ ነው። ቄሱ ሲሰሙ ራሳቸው ተቆጡት።

የንስሐ አባታችሁ የአባትሽ ጓደኛ ስለሆኑ መናገር እንደሚያስፈራሽ ጽፈሻል። ይገባኛል። የንስሐ አባት መቀየር ነውር አይደለም፣ ተሰናብቶ ነው እንጂ። ኮምቦልቻ ስለምትኖሪ ምክንያትሽም ቀላል ነው፤ «በቅርብ የማገኛቸው አባት ይሻለኛል» በቂ ነው። ከዚያ የማታምኝበትን ነገር ፊት ለፊት ንገሪያቸው። ሊገሥጹሽ ይችላሉ። እኔን ገሥጸውኛል። ግን ከሰማሁት ግማሹ ያልጠበቅኩት ነበር።

ለቤተሰብ የመናገሩ ነገር እኔ ጋ እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ። በአንድ ዓርብ ምሳ ላይ አባቴ «ትጾሚያለሽ አይደል?» አለኝ። ድሮ ቢሆን «አዎ» ብዬ አልፋለሁ። «ረቡዕና ዓርብን ትቻለሁ፣ ፍልሰታን ግን እጾማለሁ» አልኩት። እጁ ሽሮው ላይ ቆመ። እጁን ታጥቦ ወጣ። ከዚያ ለሳምንታት በቀጥታ አላናገረኝም። «ለልጅሽ ንገሪያት» እያለ በእናቴ በኩል ሆነ ነገሩ። እኔ ግን ቅዳሜ መሄዴን አላቋረጥኩም። ይህን አደራ እልሻለሁ፤ ሲያኮርፉሽ አትቅሪ። አንድ ቀን በር ላይ ጠብቆ «ጸሎትም ትተሻል?» አለኝ። «አልተውኩም» አልኩት፤ እውነቴን ነው። «እህ» አለና ወደ ውስጥ ገባ። ስለ ጾም ከዚያ ወዲህ አውርተን አናውቅም። ተቀብሎታል ብዬ አላጋንንልሽም። ዛሬም ዓርብ ቀን እንቁላል የበላሁ እንደሆነ ፊቱን ያዞራል። ግን አልዋሸሁትም፣ እሱም ያውቃል። ቤት ስገባ ትከሻዬ ቀሎኛል።

አንድ ጓደኛ አለችኝ፣ ጴንጤ ቤት ያደገች። የእሷ ቤት ጾሙ ችግር አይደለም፤ ጠላው ነው፣ ጌጣጌጡ ነው፣ «ከዓለም ሰው» ጋር መዋሏ ነው። ሕጉ ሌላ፣ የእሷም ቀሚስ ያው ቀሚስ። እሷ ጥላ ወጣች። ደህና ነች፣ አልከፋትም። እኔ አልወጣሁም። ፍልሰታ ሲገባ ሌሊት ሰዓታት ስሰማ የሚሰማኝን ነገር የትም አላገኘሁትማ። አንቺ ከሁለታችን የቱ እንደሆንሽ አሁን መወሰን የለብሽም። ካልወጣሽ ፈሪ ነሽ የሚሉሽንም፣ ከጠየቅሽ ከሃዲ ነሽ የሚሉሽንም ለጊዜው አትስሚያቸው።

አንድ ነገር ሳልል እንዳላልፍ። አባትሽ እጃቸውን የሚያነሱ ወይም ከሥራ አስወጥተው ቤት የሚያስቀምጡሽ ዓይነት ከሆኑ ያልኩትን ሁሉ ተይው። ዝም በይ። የራስሽን ጥሪት እስክትይዢ ቀሚሷን ደርቢ፣ ማንም አይፈርድብሽም።

የጓደኛሽን ነገር በተመለከተ፣ ይዘሻት ሂጂ። የፈራሽው የሥጋውን ጉዳይ ይመስለኛል። ለዚህ ፍልሰታን የመሰለ ጊዜ የለም። ከነሐሴ 1 ጀምሮ 15 ቀን ቤታችሁ ሥጋ የሚባል አይነሳም። ማን ያረደውን ማን ይብላ የሚል ጣጣ የለም፤ ሽሮው ለሁላችሁም አንድ ነው። ቀድመሽ ለእናትሽ ብቻ ደውለሽ ንገሪያቸው፣ ለአባትሽ እሳቸው ያደርሱታል። ከቅዳሴ መልስ ያለውን ሰዓት ምረጡ። ቡናውን ከኮምቦልቻ እሷ ይዛ ትምጣ። ጋቢም ያዙ፣ የደሴ ነሐሴ እንደ ኮምቦልቻ አይደለም፣ ጓደኛሽን ይበርዳታል። ሱሪውን ግን የዚያን ቀን እንዳትለብሺው። እሱን ለመስከረም አቆይው።