የፊት መብራት ጥያቄዎቻችሁ፦ የአሜሪካውና የአውሮፓው ለምን ይለያያሉ?

ስለ መኪና የፊት መብራት የላካችኋቸው ጥያቄዎች ተጠራቅመውብኛል። ዛሬ አምስቱን ልመልስ። «ዓ.ም.» ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«ጀርመን ያለችውን እህቴን ልጠይቅ ሄጄ መኪናዋን ማታ ማታ እነዳ ነበር። መብራቱ ከፊቴ በቢላ የተቆረጠ ይመስላል። እዚህ ያለው የኔ አሮጌ መኪና እንዲህ አይደለም። ለምንድን ነው?» (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

በደንብ አይተዋል። የአውሮፓ አጭር መብራት ከላይ ጥርት ያለ መስመር አለው። ከመስመሩ በታች ብርሃን ነው፣ ከመስመሩ በላይ ጨለማ። መስመሩ በግራ በኩል ዝቅ እንዳለ ይሄዳል፣ ምክንያቱም ፊት ለፊት የሚመጣው ሾፌር በዚያ በኩል ነው። በቀኝ በኩል ግን ሽቅብ ይወጣል፤ የመንገዱን ዳርና እግረኛውን ቀደም ብሎ እንዲያሳይ።

የአሜሪካው ሕግ ሌላ ነገር አስቦ ነው የወጣው። በአውራ ጎዳና ላይ ከራስ በላይ የተሰቀሉት አረንጓዴ ምልክቶች የሚነበቡት ከመኪናው በሚያገኙት ብርሃን ነው። ስለዚህ ወደ ላይ የሚሄድ ብርሃን በብዛት ተፈቀደ። ምልክቱ ይነበባል፣ የፊተኛው ሾፌር ዓይን ግን ይጥበረበራል።

ታሪክም አለበት። አሜሪካ በ1940 አንድ ዓይነት መብራት ብቻ እንዲገጠም ወሰነች። መስታወቱ፣ አንጸባራቂው፣ አምፖሉ ሁሉ አንድ ላይ የታሸገ ክብ መብራት ነው። ሲቃጠል እንዳለ ይጣልና ሌላ ይገባል። ያኔ ጥሩ ሐሳብ ነበር፤ ውስጡ አይዝግም፣ ምትኩም የትም ይገኛል። ችግሩ ሕጉ በዚያው መቅረቱ ነው። አውሮፓ በ1962 ሃሎጅን አምፖል ጀመረች። በ1967 ሲትሮየን ዲኤስ ከመሪው ጋር ወደ ኩርባው የሚዞር መብራት አወጣ፣ አሜሪካ ግን አልፈቀደችውም። አምፖሉ ብቻ የሚቀየርበት መብራት አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው በ1983 ነው። ቀድሞ የገጠመውም የ1984ቱ ሊንከን ማርክ ሰባት ነበር።

ዛሬ ልዩነቱ ጠቧል። አዳዲሶቹ የአሜሪካ መኪኖችም ጥርት ያለ መስመር አላቸው። ቢሆንም ምርጫው የኔ ቢሆን፣ የመንገድ መብራት በሌለበት፣ መኪና ከፊትና ከኋላ በሚተላለፍበት ጠባብ አስፋልት ላይ የአውሮፓውን እመርጣለሁ።

«ሦስት መኪና አይቻለሁ። አንዱ ከዱባይ፣ አንዱ ከአውሮፓ፣ አንዱ ከአሜሪካ የመጣ ነው ተባልኩ። መብራታቸውን እንዴት ልለየው?» (ከአዲስ አበባ)

ቁጢጥ ይበሉና የመብራቱን መስታወት በጨርቅ ይጥረጉ። ጥቃቅን ጽሑፍ ያገኛሉ። በክብ ውስጥ «ኢ» የምትለዋ የላቲን ፊደል ከቁጥር ጋር ካለች በአውሮፓ ደንብ የጸደቀ ነው። ቁጥሩ ያጸደቀውን አገር ይነግርዎታል፦ 1 ጀርመን፣ 2 ፈረንሳይ፣ 4 ኔዘርላንድ፣ 11 እንግሊዝ። የተሠራበትን አገር ግን አይደለም። «ዲ ኦ ቲ» የሚሉት ሦስት ፊደላት ካሉ የአሜሪካ ነው። አውሮፓ ውስጥ መብራቱ ገበያ ሳይወጣ መንግሥት ያጸድቀዋል። አሜሪካ ውስጥ ደንቡን ማሟላቱን የሚያረጋግጠው ራሱ አምራቹ ነው። ሁለቱም ጽሑፍ ያለበት መብራትም አለ።

አሁን ዋናውን ልንገርዎት። «ኢ» ያለበት መብራት ላይ ቀስት ይፈልጉ። ከመኪናው ፊት ለፊት ቆመው ሲያዩት ቀስቱ ወደ ቀኝዎ ብቻ የሚያመለክት ከሆነ፣ መብራቱ በግራ ለሚነዱ አገሮች የተሠራ ነው። እኛ ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ በቀኝ ነው የምንነዳው። መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ፣ መብራቱ ግን እንደነበረ የቀረ መኪና ያ ሽቅብ የሚወጣው ብርሃን በቀጥታ የሚያርፈው ከፊት በሚመጣው ሰው ዓይን ላይ ነው። አንድ ማታ ከደብረ ብርሃን ስመለስ እንዲህ ያለ መኪና ገጥሞኝ የአስፋልቱ ዳር ጠፍቶኝ ነበር። ቆሜ አሳለፍኩት።

ቀስት ባያገኙም መሞከሪያ አለ። ሲመሽ ሜዳ ቦታ ላይ ከግድግዳ 10 ሜትር ርቀው አጭሩን መብራት ያብሩ። ብርሃኑ ሽቅብ የሚወጣው በሾፌሩ ቀኝ ከሆነ ጥሩ። በግራ ከሆነ ሻጩ መብራቱን ይቀይር፣ አለበለዚያ አይግዙት። ጠፍጣፋው መስመር ደግሞ ከመብራቱ መሃል ቁመት 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ማለት አለበት። ከፍ ካለ ጋራዥ ወስደው ያስተካክሉት።

«ከአሜሪካ የመጣ መኪና ገዝቼ የኋላ ፍሬቻው ቀይ ስለሆነ ምርመራ አላልፍ አለ። ይበራል እኮ!» (ከፍራንክፈርት)

ይበራል፣ ግን አውሮፓ የኋላ ፍሬቻ ብርቱካናማ እንዲሆን ታስገድዳለች። አሜሪካ ቀይም ብርቱካናማም ትፈቅዳለች። እኔ በዚህ ከአውሮፓ ጎን ነኝ። ቀይ ፍሬቻ ከፍሬን መብራት ጋር ይምታታል። የዚያኑ መኪና የአውሮፓ ሞዴል የኋላ መብራት ያፈላልጉ። የፊት መብራቱንም አብረው ያስመርምሩ።

«ወንድሜ፣ ከሶማሌ ተራ ኤልኢዲ አምፖል ገዝቼ በሃሎጅኑ ቦታ አስገባሁ። እኔ በደንብ ይታየኛል፣ ግን ሰው ሁሉ ረዥም መብራት ያበራብኛል። ምን አጠፋሁ?» (ከአዲስ አበባ)

የሚያበሩብህ ሰዎች እውነታቸውን ነው። አንጸባራቂው የተቀረጸው ለሃሎጅኑ ቀጭን ሽቦ ነው፤ ለቦታው፣ ለርዝመቱ፣ ለአቀማመጡ። ኤልኢዲው ብርሃን የሚያወጣው ከሌላ ቦታና በሌላ ቅርጽ ስለሆነ ብርሃኑ ተበትኖ ከመስመሩ በላይ ይወጣል። በደንብ የሚታይህ ቅርቡ ነው። ቅርቡ በጣም ሲደምቅ ዓይንህ ሩቁን ማየት ይከብደዋል።

አውጣውና ደህና ሃሎጅን አስገባ። መስታወቱ ቢጫ ሆኖ ከደበዘዘ አስወልውለው። ከዚያ ከመሪው አጠገብ 0፣ 1፣ 2፣ 3 የተጻፈበት ትንሽ ማዞሪያ እንዳለ እይ። የአውሮፓ ደንብ መብራቱ በእጅ ወይም በራሱ ከጭነቱ ጋር እንዲስተካከል ያስገድዳል፣ የአሜሪካው አያስገድድም። ከኋላ ሦስት ሰውና ሻንጣ ጭነህ 0 ላይ ከተውከው የመኪናው አፍንጫ ሽቅብ ይላል፣ መብራቱም አብሮ ይነሳል። ወደ 2 ወይም 3 አዙረው። ይህን ማዞሪያ ለዓመታት ነድተው ነክተውት የማያውቁ ብዙ ሰዎች አውቃለሁ።

«ከፊት የሚመጣውን መኪና ብቻ ለይቶ የሚያጨልም መብራት አለ ይባላል። እዚህ ለምን አላየሁትም?» (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

አለ። ኦዲ ኤ8 በ2013 አውሮፓ ውስጥ ይዞት ወጥቷል። ካሜራው መኪና ሲያይ የዚያን ቦታ ብርሃን ብቻ ያጠፋል፣ ሌላው በረዥሙ ይቀጥላል። የአሜሪካ ሕግ ግን ረዥምና አጭር የሚባሉ ሁለት መብራቶችን ብቻ ነበር የሚያውቀው። የተፈቀደው በየካቲት 2022 ነው። የአሜሪካው መመዘኛ ከአውሮፓው ስለሚለይ የአውሮፓውን እንዳለ አምጥቶ መግጠም አይቻልም። አዲስ መኪና ሲገዙ ሻጩን «ረዥሙን መብራት በራሱ ያጠፋል?» ብለው አይጠይቁት፤ እሱ ሌላ ነገር ነው። «ረዥሙ እንደበራ ከፊት የሚመጣውን ብቻ ያጨልማል?» ይበሉት።