ሮቦት በሌለበት ስለ ሮቦት ማጥናት

ውድ ጠያቂያችን፣

በጋራ ለሚገነቡ ሮቦቶች የሥራ ዕቅድ የሚያወጣ አልጎሪዝም ለማስተርስ መመረቂያ ጽሑፍዎ እንደመረጡ፣ ሆኖም ትምህርት ክፍሉ አንድም ሮቦት ስለሌለው ሥራዎ «የስክሪን ላይ ጨዋታ» ሆኖ እንዳይቀር መስጋትዎን ጽፈዋል። ወጪዎን የሸፈኑት ታላቅ ወንድምዎ «ግንበኛ ሮቦት ማን ይገዛል?» እያሉ የቀረውን አንድ ዓመት ትተው ሥራ እንዲይዙ እንደሚወተውቱዎት፣ በሒሳብ ችሎታዎም እንደማይተማመኑ ጨምረው ገልጸዋል።

የሮቦት አለመኖር ጎበዝ ተማሪዎችን ከዚህ መስክ ሲያሸሽ ደጋግሜ ስላየሁ፣ በእርሱ ላይ ሰፋ አድርጌ እመልሳለሁ። በ2014 በ«ሳይንስ» መጽሔት የወጣው የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ሥራ፣ ቴርሜስ፣ እንደ ምስጥ ያለ አለቃ ተባብረው ጡብ የሚደረድሩ ትንንሽ ሮቦቶችን በተግባር አሳይቷል፤ ከዚያ ወዲህ ግን እነዚህን ሮቦቶች መነሻ አድርገው የዕቅዱን ጥያቄ ያጠኑ በርካታ ሥራዎች መልሱን የፈለጉት በኮምፒውተር ላይ ነው። ለምን ቢሉ፣ ሮቦቱ በአንድ ጊዜ መውጣት የሚችለው የአንድ ጡብ ከፍታ ብቻ፣ ጡቡንም የሚያኖረው በቆመበት ከፍታ ልክ ከፊቱ ብቻ ነው እንበል። የሦስት ጡብ ዐምድ ለማቆም በሁለት ጡብ ከፍታ ላይ መቆም፣ እዚያ ለመድረስም በአንድ ጡብ ላይ መረማመድ ስላለበት፣ ሦስት ተጨማሪ ጡብ የሚፈጅ መወጣጫ ሠርቶ በኋላ ያፈርሰዋል፤ ስድስት ማኖር፣ ሦስት ማንሣት፣ በድምሩ ዘጠኝ ተግባር ማለት ነው። አጠገቡ ሁለተኛ ዐምድ የሚቆም ከሆነ መወጣጫውን ቸኩሎ ማፍረስ ኪሳራ ነው፤ ሁለተኛ ሮቦት ሲጨመር ደግሞ በጠባቡ መወጣጫ ላይ ማን ለማን መንገድ ይልቀቅ የሚለው ይከተላል። ይህን ለመፍታት ሞተርና ጎማ አያስፈልግም።

ስጋትዎ እውነት የሚሆነው ሮቦቶችዎን ፈጽሞ እንደማይዘገዩና ጡብ እንደማይጥሉ አድርገው ካሰቧቸው ነው። ስለዚህ መዘግየትንና ብልሽትን ሆን ብለው ወደ ፕሮግራሙ ያስገቡ። አንድ ሮቦት መወጣጫው መሐል ላይ ተበላሽቶ ቢቆም ዕቅድዎ እንዴት እንደሚታደስ የሚያሳየው ምዕራፍ፣ ዕቅድዎ ከሁሉ የተሻለ መሆኑን ከሚያረጋግጠው ምዕራፍ ይልቅ ቀጣሪን ያሳምናል። (እኔ ለዓመታት የሠራሁት የመጋዘን ሮቦቶችን ጉዞ በሚያቅድ ፕሮግራም ላይ ስለሆነ፣ ሚዛኔ ወደዚያ ቢያጋድል አይግረምዎ።)

ሒሳቡን በተመለከተ፣ የግራፍ ቲዎሪ (ነጥቦችንና የሚያገናኟቸውን መስመሮች የሚያጠና ሒሳብ) እና የኢንቲጀር ፕሮግራሚንግ (በሙሉ ቁጥሮች ብቻ ከሁሉ የተሻለውን ምርጫ የመፈለጊያ ዘዴ) መሠረቶችን አሁኑኑ ይጀምሩ፤ ሌላው በሥራ ላይ ይደርሳል።

ወንድምዎ ግንበኛ ሮቦቶች ገና ሰፊ ገበያ የላቸውም ማለታቸው ከሆነ ልክ ናቸው። ይሁን እንጂ አማዞን በ2012 ኪቫ ሲስተምስን የገዛው መደርደሪያ ተሸክመው ለሚመላለሱ የመጋዘን ሮቦቶቹ ነበር፤ እነዚያም ሳይጋጩና ሳይተጋገዱ እንዲሠሩ የሚያስፈልገው ዕውቀት እርስዎ ከሚያጠኑት ጋር የቅርብ ዘመድ ነው። ወንድምዎ የከፈሉልዎ ገንዘብ ብድር ከሆነ መጠኑንና የመመለሻውን ጊዜ በግልጽ ተነጋግረው ይወስኑ፤ ስጦታ ከሆነ ግን የጥናት ርዕስዎን የመምረጥ መብት አብሮ አልተሸጠም። ለአንድ ዓመት ደመወዝ ብለው ዲግሪውን መሐል ላይ መተው ለወንድምዎም የሚያዋጣ አይመስለኝም። ዶክትሬት መቀጠልንም የሚያስቡ ከሆነ ግን ከዚህ ጋር አያያይዙት፤ ከምረቃ በኋላ መጀመሪያ ሥራ ይያዙ፣ ዕዳ ካለም ከደመወዝዎ ይክፈሉ።